ከመስመሩ ለምን ወጣ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ሐዋሳ ሙቀቱ ደህና ነው ይላሉ፤ ሙቀት ደግሞ ለወገብ ጥሩ ነው፣ የፋርማሲ ሠራተኛ ስትነግርሽ እመኚ። አዲሱን ቢሮሽን ለመድሽው? አከራይሽስ አሁንም በውሃው ትነዘንዝሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ኣርያም አድጋለች፤ አንቺ የገዛሽላት ጫማ ጣቷን ያዛት። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ ስደውልልሽ ወይ ስብሰባ ላይ ነሽ፣ ወይ ባትሪሽ ሊዘጋ ነው፣ ወይ ኔትወርክ የለም። ሐዋሳ እንዲህ ኔትወርክ የጠፋበት አገር መሆኑን አላውቅም ነበር። በቴሌግራም የምጽፍልሽን ሁሉ ደግሞ በሁለት መዳፍ ስዕል ትመልሺልኛለሽ። እኔ መዳፍ አይደለም የምፈልገው። ስለዚህ አብራኝ የምትሠራው ብርነሽ ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ስለምትወርድ በእጇ ላክሁልሽ። ፖስታውን በቁስል ፕላስተር ነው ያሸግሁት፤ ከፋርማሲ ሌላ ምን ይገኛል። ብርነሽ ጨዋ ናት፣ አትከፍተውም።

ሰው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይለኛል። ድንኳኑ ውስጥም ሲሉኝ ነበር፣ አሁንም ይሉኛል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልወጣልኝም። ጥርስ ሐኪም ጋ ማደንዘዣ ወግተውሽ ከንፈርሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሽ የለ? እኔ መላ አካላቴ እንደዚያ ነው። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ለሰው መድኃኒት እየሰጠሁ «ከምግብ በኋላ ነው» እላለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሲቀልድ እስቃለሁ። ቤት ገብቼ የዓወትን ፎጣ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቦታው እመልሳለሁ። ማንም አልተጠቀመበትም፤ ግን በሳምንት አንዴ አጥበዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አንቺ ከአርባው ወዲህ ስላልመጣሽ ሰፈሩን ላውራልሽ። ያው እንደምታውቂው ነው። ከግቢያችን በር ፊት የሚያልፈው አስፋልት ሲታደስ የተሠራው የሳይክል መስመር አለ አይደል፣ ቀለሙ አሁን ለቅቋል፤ ነጩ የሳይክል ስዕል ግማሽ ጎማው ነው የቀረው። ጠዋት ጠዋት የሙዝ ጋሪ ይቆምበታል። ከረፋዱ በኋላ ቀለምና ሚስማር ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች መኪና፣ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ መኪና። ሁሉም አራቱን ፍሬቻ ያበራል። እዚህ ከተማ ፍሬቻ ያበራ ሰው ፈቃድ ከሰማይ የወረደለት ነው የሚመስለው። «አምስት ደቂቃ ነው» ይላል፣ ከዚያ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይመጣል። ማንም አይናገረውም። ሁላችንም ነገ የምናቆመው እኛ ስለሆንን ነው መሰለኝ።

መስመሩ የተከፈተ ቀን ዓወት እንዴት እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም። አሮጌ ሳይክሉን ወልውሎ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ፣ ከሰሚት ቦሌ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ሲገባ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «አንድም ሰው ክላክስ አላደረገብኝም!» አለኝ። ደመወዝ የተጨመረለት ነበር የሚመስለው። መቐለ ያደገ ሰው ለሳይክል ያለውን ነገር እኛ አዲስ አበባ የተወለድን አይገባንም። እዚህ ሳይክል ወይ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ወይ መኪና መግዛት ያቃተው ሰው ማሳበቢያ። ባንክ ያሉ ባልደረቦቹ «ሄልሜቱን አውልቅና ወደ ስብሰባ ግባ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንቺም «የክፍል ኃላፊ በፔዳል» ትዪው ነበር፤ ይስቅ ነበር እንጂ አይከፋውም። አንቺን ይወድሽ ነበር፣ ይሄንን ታውቂያለሽ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኣርያምን መስመሩ ላይ ያስነዳት ነበር። እሁድ ጠዋት የሙዝ ጋሪውም ስለሌለ ባዶ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የፈለገው ቢመጣ ከመስመሩ እንዳትወጪ፣ መኪና ቆሞ ካገኘሽ ውረጂና እየገፋሽ በእግረኛው መንገድ እለፊ። በየሳምንቱ ያስደግማታል። እሷም እንደ ውዳሴ ማርያም ትወርድለታለች። እሱ ግን ከሥራ ሲመጣ እንደዚያ አያደርግም ነበር፤ ከቦሌ እስከ እኛ ቤት በቆመ መኪና ሁሉ እየወረደ ቢገፋ ቤቱ አይደርስም። ወደ አስፋልቱ ወጣ ይልና ዞሮ ይመለሳል። ሳይክል የሚነዳ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

የትራፊክ ፖሊሱ ስለ አደጋው የሣለውን ፕላን አሳይተውኛል። ጥሩ እጅ አለው። አስፋልቱ አለ፣ የጭነት መኪናው አለ፣ ሳይክሉ ተጋድሞ አለ። የሳይክል መስመሩ ባዶ ነው። ከሥሩ «ብስክሌተኛው ለብስክሌት የተፈቀደውን መስመር ያለ በቂ ምክንያት በመልቀቁ» ተብሎ ተጽፏል። ፖሊሱ አልዋሸም። እሱ ሲደርስ መስመሩ ባዶ ነበር።

ነገር በሰፈር እንዴት እንደሚዞር ታውቂያለሽ። አሁን ዓወት ማለት «መንገድ ተሠርቶለት የወጣው» ማለት ነው። ከንፈር ይመጥጡና «ምን አስወጣው?» ይላሉ። እኔ ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ከኋላዬ ሲሉ እሰማለሁ። ዘወር ብዬ አላይም። አባቱ አባባ ተወልደም ከመቐለ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዓወትን ሳይክል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንዲያው በከንቱ መስመሩን የሚለቅ ልጅ አይደለም። ምን አይቶ ነው?» አሉኝ። «እኔ እንጃ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ክረምቱ እንዴት እንደያዘን ጠየቁኝ፤ እኔም ደህና ነው አልኳቸው።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የኣርያም ነው። ትምህርት ቤት ስለ መንገድ ሲማሩ አንዷ ልጅ ተነስታ «የኣርያም አባት የሞተው ከመስመር ስለወጣ ነው» ብላለች። ልጅቷ ክፋት የላትም፣ ቤቷ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ኣርያም ቤት መጥታ ከራስጌዋ ያለውን የሱን ፎቶ አነሳችና መሳቢያ ውስጥ፣ ከካልሲዎቿ ሥር ከተተችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በዚህስ እኔን መሰለች። «ምነው?» ስላት «ለኔ ሕግ አውጥቶ እሱ አላከበረም» አለችኝ። ሳይክሏንም ለጎረቤት ልጅ ስጭልኝ አለች። እስካሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ልብስ አሰጣበታለሁ።

ከዚያ ፊሊጶስ መጣ። ፊሊጶስ የጭነት መኪናው ሾፌር ነው፤ አንቺ ያን ቀን ፊቱን በደንብ ያየሽው አይመስለኝም። እሁድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌ አስቀድሞ መጣ፤ አንዱ የነዋሪው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አረጋዊ ናቸው። ድንጋይ ተሸክሞ ነበር። በዚህ በተነጠፈ ሰፈር ድንጋይ ከየት አገኘ ብዬ ሳይ የመንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ከአንዱ ጥግ ነቅሎት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ይሄንን ማሰቤ ይገርማል። አቶ አረጋዊ በእግዚአብሔር ስም ለመኑኝ፣ እኔም «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። አላስለፋኋቸውም። ከአፌ ሲወጣ «ከምግብ በኋላ ነው» እንደምለው ነበር የወጣው። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለች ሴት አይተን አናውቅም ብለው መረቁኝ።

ፊሊጶስ ግን ከተንበረከከበት አልተነሳም። «እህቴ፣ ይቅርታሽን እግዜር ይክፈልሽ። እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አለኝ። በመስመሩ ላይ ነጭ መኪና ቆማ ነበር አለ። አራቱም ፍሬቻዋ ይበራ ነበር አለ። ዓወት እሷን ሊዞር ወጥቶ ነው ድንገት ፊቱ የገባው። ለፖሊስም የተናገረው ይሄንኑ ነው፣ ፖሊስ ሲመጣ ግን መኪና የሚባል የለም። ውሸታም ብለው ጻፉበት፤ ጉዳዩ ይኸው አልተዘጋም፣ መንጃ ፈቃዱም እንደተያዘ ነው። «አሁንማ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ሚስቴም 'ምናልባት ሳትመስልህ አትቀርም' ትለኛለች። በዚህ የተነሳ ሰላም የለኝም። አይተሻት ከሆነ አይቻለሁ በይኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ።

ማድ ቤት ነበርኩ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ድምፁ ሲሰማ ማድ ቤት ነበርኩ። ስወጣ ግን ቆማ ነበር። ስትወጪስ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ። ዘወር ስል ኣርያም ከመጋረጃው አጠገብ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

እህቴ፣ ያንን ቀን አንቺና እኔ አንስተነው አናውቅም። አሁን ላንሳው፤ እንዳትቆጪ።

የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ነበር። ብዙ ሰው ስለነበር አንቺ ዶሮውን አያት ካለው ቤትሽ ሠርተሽ በትልቁ ብረት ድስት፣ በነጯ መኪናሽ ይዘሽ መጣሽ። ወገብሽ ደግሞ ታሞ ነበር፤ ከሩቅ አቁመሽ ድስት መሸከም አትችይም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ያ የብረት ችካል ተተክሏል። በሩ ፊት ያለው ክፍት ቦታ መስመሩ ብቻ ነው። ማንም ሰው እዚያው ነው የሚያቆመው። ድስቱን እኔና ጎረቤታችን ፈለቀች ተቀብለንሽ ገባን፣ አንቺም «አምስት ደቂቃ፣ ድስቱን ላስቀምጥና ላንሳት» ብለሽ ነበር። ከዚያ ጸሎቱ ተጀመረ። ጸሎት አቋርጦ የሚወጣ የለም። ከዚያ እንጀራ ቀረበ። እንጀራ ቀርቦም የሚወጣ የለም። ጠላው ሲቀዳ «ዓወት ሳይመጣ እንዳታነሱት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራ» ብለሽ የእሱን ድርሻ ያስቀመጥሽለት አንቺ ነሽ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። የወንበር መውደቅ ነው ብዬ ነበር። ስንወጣ ሰው ተሰብስቧል፤ «አንሱት፣ አንሱት» ይላል ሁሉም። አምቡላንስ ይጠራ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ በእኛ አገር የወደቀ ሰው የሚነሳው በአገኙት እጅ፣ የሚጫነው በአገኙት መኪና ነው። አንቺ ቁልፉን ይዘሽ ከሁላችን ቀድመሽ ነበር። መኪያ ከቀለም ሱቋ ሮጣ መጥታ የኋላውን በር ከፈተች። ራሱን እኔ ጭን ላይ አድርገው አስገቡት። ሆስፒታል እስክንደርስ እጅሽን ከክላክሱ አላነሳሽም። እኔ የማስታውሰው ፍሬቻውን ነው። አላጠፋሽውም ነበር፤ እስክንደርስ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

ፖሊስ የመጣው ከሄድን በኋላ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ «መኪናዋን በር ላይ ያቆማት እግዚአብሔር ነው፤ ባትኖር ደጅ ላይ ነበር የሚያልፈው» እያሉ አንቺን ሲመርቁሽ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ሳብሽው። እኔ ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ በፊት ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ወደ አንቺ አላየሁም፣ አንቺም ወደ እኔ አላየሽም፤ ሁለታችንም ምንጣፉን ነበር የምናየው።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ስብሰባ ነበር። የሰፈሩ ሰውና የሱቅ ባለቤቶች ተፈራርመው የሳይክል መስመሩ ይነሳልን፣ የመኪና ማቆሚያ ይደረግልን ሊሉ ነው። አቶ አረጋዊ ሰበሰቡ፣ ኣርያምን ለፈለቀች ትቼ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ቤት ብቀመጥ ፎጣ ነበር የማጥበው።

መኪያ ተነስታ ተናገረች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ታውቂያታለሽ። «ወላሂ ለማንም ክፉ አላስብም። ግን ደንበኛዬ መኪናውን የት ያቁም? በሬ ላይ ካልቆመ ባልዲ ቀለም ተሸክሞ ይሄዳል? ሱቄ ሊዘጋ ነው። ለሳይክል ተሠራ አላችሁ፤ የታለ ሳይክሉ? አንድ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ እሱም አልተጠቀመበትም» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷም ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምንም አይደለም አልኳት። ምንም አልተሰማኝም ነበር፣ እንዲያው ለጨዋነት አይደለም ያልኩት።

ከኋላ አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ኢክሪማ ትባላለች፣ እዚህ አጠገብ ባለው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ሻርፗ ላይ ሄልሜት ደርባ ነው የመጣችው። «እኔ አለሁ። ከቦሌ አራብሳ በየቀኑ በሳይክል ነው የምመጣው። ጠዋት የታክሲ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። በዚህ መንገድ ስሄድ በቆመ መኪና ሁሉ ቢስሚላህ እያልኩ ነው የምወጣው። ይሄንንም ከነቀላችሁት እኔ በየት ልሂድ?» አለች። ሰው ሳቀ። አንዱ «ባጃጅ አለልሽ» አላት። እሷ አልሳቀችም። ከጉልበቷ በታች ጠባሳ አላት፤ ያንን ሳይ ነበር።

እጄ ተነሳ። አነሳሁት ማለት አልችልም። ተነሳሁና «ባለቤቴ ከመስመሩ የወጣው መኪና ስለቆመበት ነው» አልኩ። አቶ አረጋዊ በርኅራኄ «ልጄ፣ ሪፖርቱ እንደዚያ አይልም» አሉኝ። ፖሊሱ ሲደርስ መኪናዋ ተነስታ ነበር አልኳቸው። ማን አነሳት ሲሉኝ ተቀመጥኩ። መኪያ ቆማ እኔን ታያለች። ያን ቀን በሩን የከፈተችው እጇ ነው፤ ነገሩ ሲገባት አየሁ። ፊቷ ተለወጠ። «የማን ናት?» ልትል የነበረውን ተወችውና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፊርማውንም ያን ዕለት አልፈረመችም።

አቶ አረጋዊ ግን ሊቀመንበር ናቸው። የሐዘንተኛ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ምስክር ካለ ይቅረብ ብለው ውሳኔውን ለሙት ዓመቱ ቅዳሜ ከሰዓት አስተላለፉት። ጠዋት ፍትሐት ነው፣ ከሰዓት ስብሰባው።

በማግስቱ ለፊሊጶስ ደወልኩለት። «መኪናዋን አይቻለሁ። አንተ አልተሳሳትክም» አልኩት። ስልኩ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እየሰማሁት ቆየሁ። ልብ ብዬ ሰማሁት፤ ምናልባት እኔንም ይይዘኝ እንደሆን ብዬ። አልያዘኝም። የማን እንደሆነች አልጠየቀኝም፣ እግዜር ይስጠው።

አሁን ስላንቺ። ልጠላሽ ሞክሬ ነበር። እሱም አልመጣልኝም። አንቺ ያደረግሽው መኪና ያለው ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያደርገውን ነው፤ የማኅበሩ ሴቶች ባሎችም እዚያው ነበር የሚያቆሙት፣ ያን ቀን ያንቺ ብቻ የተገኘችው እነሱ ቀድመው ስለሄዱ ነው። ይሄንን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ግን እህቴ፣ ልጄ አባቷን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋዋለች። አባባ ተወልደ አርጅተዋል፣ ልጄ ምን አይቶ ነው እንዳሉ እንዳይሞቱ እፈራለሁ። ይሄ ሰውዬ ሚስቱ አታምነውም። ያቺ አስተማሪ ነገም ጠዋት በዚያ መንገድ ትመጣለች። ይሄ ሁሉ በአንቺ አፍ ላይ ነው ያለው። እኔ ብናገርብሽ ከሳሽ ነው የምሆነው፤ ያንን አልችልም። እናታችን ሁለት ነው የወለደችው።

ሐዋሳ የተዛወርሽው ለሥራ ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እድገት አግኝታ ነው እላለሁ። እዚያ ደግሞ ወንዱም ሴቱም ሳይክል ነው የሚነዳው ይባላል። በየመንገዱ እያየሽ እንዴት እንደምትችይው አስቤ አስቤ፣ እንቅልፍ አለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ እፈልግ ነበር። ስልክ ስለማታነሺ ነው ያልጠየቅሁሽ። የሆነው ሆኖ ለእንቅልፍ የሚሆን ነገር ብርነሽ ይዛልሻለች፤ ግማሽ ግማሽ እያደረግሽ ነው የምትወስጂው፣ ከቡና ጋር እንዳይሆን።

ለሙት ዓመቱ ነይ። ትኬት ቀድመሽ ቁረጪ፣ የጾሙ መያዣ ስለሆነ አውቶቡስ ይሞላል። አልጋሽ እንዳለ ነው፣ ከኣርያም ጋር ትተኛላችሁ። ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ወገብሽን እንዳትጎጂ፤ ድግሱን ፈለቀችና እኔ እንችለዋለን።

ኣርያምን «ክርስትና እናትሽ ትመጣለች» ብያታለሁ። ብዙ ጊዜ ስትስቅ አላየኋትም፣ ያኔ ግን ሳቀች። «በመኪናዋ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። ሸጣታለች አልኳት፤ መሸጥሽን እኔም ከሰው ነው የሰማሁት፣ ገና አርባው ሳይወጣ። «ለምን ሸጠቻት?» አለችኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደም ነክቷት ነው እላለሁ። ለእሷ ግን እንደዚያ አላልኳትም። መጥታ ራሷ ትነግርሻለች አልኳት። እየጠበቀችሽ ነው።

መንገድሽን የቀና ያድርገው። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፣ ለኔም አንቺን አያሳጣኝ።

የምወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከሰሚት